አታቋርጫት

«ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን ሆኗል።

የሆነውም በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰፈራችን የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ መስኮቶች። ጥግ ላይ መወልወያና ባልዲ ቆሟል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ቦታው የሚያስፈራ እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው...

ምንም አልነበረውም።

መጀመሪያ ግን ስለ እህቴ ልንገራችሁ።

ታናሼ ናት። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እኔ ለትምህርት ባሕር ስሻገር ቁመቷ ወገቤ ጋ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ስመለስ ከላይ ወደ ታች አየችኝ።

ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የተማርኩት የድምፅ ምሕንድስና ነው። ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ከየት እንደሚነሳ፣ ምን ላይ እንደሚነጥር፣ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚሞት መለካት። እዚህ ይህን ሥራ የሚፈልግ ሰው አላገኘሁም። ሌላ ሁለት ሥራ ጀምሬ ሁለቱንም ትቻለሁ። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ» ትለኛለች።

ሚጡ ግን እንደ እኔ አይደለችም። የረጋች ናት። ነበረች።

ከዚያ ሐሙስ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሰፈሩ የቲያትር ቡድን ውስጥ ገባች። የድሮ ዘመን ቲያትር ነው የሚያሳዩት አለችን። ከዘጠና ዓመት በፊት፣ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የሚሆን። እመቤት አለች፣ እንግዳ የሚያስገባ አጋፋሪ አለ፣ ወጥ ቤት አለች። ሚጡ ደንገጡር ሆነች። እመቤቲቱን የምታለብስ፣ ፀጉሯን የምታበጥር፣ ከአጠገቧ የማትለይ።

እማዬ ሳቀች። «እዚህ አንድ ሰሃን ሳታነሺ፣ እዚያ ሄደሽ ልትላላኪ?»

ሚጡም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ግን ሳቋ ጠፋ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ስለ አንድ ነዝናዛ ደንበኛ እያወራችን ሳለ ድንገት ቆመች። ቢላው አየር ላይ። ዓይኗ ማንም በሌለበት አንድ ቦታ ላይ።

ቆየች...

ከዚያ በቀስታ «እሺ» አለች። ወሬዋንም ካቆመችበት ቃል ቀጠለች።

«ማንን ነው እሺ ያልሽው?» አልኳት።

«እሺ አልኩ እንዴ?»

በማግስቱ ደረጃ ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጥርሷን እየቦረሸች። በአራተኛው ሳምንት ሥራ ቦታዋ ላይ፣ በሽተኛ ፊቷ ተሰልፎ፣ መድኃኒቱን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ «እስኪሻልሽ እረፊ» ብሎ ወደ ቤት ላካት።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ደረስኩባት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቅዳሜ ቲያትሩ ይታያል። ከዚያ በኋላ እዚያው ነው የምኖረው።»

«አዳራሹ ውስጥ? አልጋ እንኳ የለውም እኮ!»

ልብሷን ማጠፏን አላቋረጠችም። «ደንገጡር ከቤት አትወጣም» አለች። ውሃ ወደ ታች ይፈሳል እንደሚል ሰው... ተረጋግታ።

እማዬ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ወንድ ነው» አለች በሹክሹክታ። «የሆነ ሰው ልቧን ወስዶታል።»

እኔ ሌላ ሌላውን ነበር የጠረጠርኩት። የሚቀመስ ነገር ሰጥተዋት ይሆናል። ደካማ ልጆችን የሚሰበስብ የሆነ ማኅበር ይሆናል። መጥፎ ነገር ሁሉ በሐሳቤ አለፈ። ይኼኛው ግን አላለፈም።

ሐሙስ ለቀሩት ትንንሽ ሚናዎች የመጨረሻው ኦዲሽን እንዳለ በራቸው ላይ ለጥፈው ነበር።

ስለዚህ ሄድኩ። ሚና ፈልጌ አይደለም። እህቴን ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ካላወጣኋት አትመለስም።

በሩ ላይ ጎሚስታው ቆሟል። መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን። ጣቶቹ እንደ ወትሮው ጥቁር ናቸው፤ ከላይ ግን ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ደርቧል።

«ባሕር ማዶ!» አለኝ። ሰፈሩ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «እዚያ ማዶ ቲያትር አልቆ ነው እኛ ጋ የመጣሽው?»

«ጎማ የሚነፋ አጋፋሪ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ምነው? የድሮ ትልቅ ሰውስ ቢሆን በነፋስ አይደል ተነፍቶ የሚቆመው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ውስጥ አየት አደረገና ሳቁን ዋጠው።

«ግቢ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን... ስታወራ እንዳታቋርጫት።»

«ማንን?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

ውስጥ ግድግዳው ሥር አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የልብስ ክምር አለ። ቀና ብለው አዩኝና ከክምሩ መሃል አንድ ግራጫ ቀሚስ መዝዘው ሰጡኝ።

«ልኬን አይወስዱም እማማ?»

«አያስፈልግም።»

ከመጋረጃ ጀርባ ገብቼ ለበስኩት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ከሰባት ዓመት በፊት በረዶ ላይ ወድቄ ተሰብሮ ተጣሞ ነው የገጠመው። ከዚያ ወዲህ ትክክል የሚቀመጥልኝ ልብስ የለም። በግራ በኩል ሁልጊዜ ይንሸራተታል።

ይህ ቀሚስ አልተንሸራተተም።

በእጄ ዳሰስኩት። የግራው ስፌት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክሩም አዲስ አይደለም። ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ክር ነው።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው ወጥቼ።

«ምኑን ልጄ?»

«የትከሻዬን ነገር።»

መርፌያቸውን ከልብሱ አወጡት። «እኔ ምን አውቃለሁ። የታዘዝኩትን ነው የምሰፋ።»

ሚጡ ናት የነገረቻቸው አልኩ ለራሴ። ግን ወዲያው ትዝ አለኝ። ሚጡ አታውቅም። እማዬ እንዳትጨነቅ ብዬ መሰበሬን ለቤተሰቤ ጨርሶ አልተናገርኩም።

መድረኩ ላይ፣ መሃል፣ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አለ። ባዶ ነው። በቀኙ ሚጡ ቆማለች። በግራው ወጥ ቤቷን የምትጫወተው የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ።

ሚጡ አየችኝ። ለማታውቀው እንግዳ እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችኝ።



አዘጋጁ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ያስተማሯቸው ልጆች ጋሽ ጸጥታ ይሏቸዋል። ከአንድ መዳፍ የማትበልጥ ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። አምስት አጫጭር መስመሮች ተጽፈውባታል።

«ሙሉው ጽሑፍ የታለ?» አልኳቸው።

«የለም። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ነው የሚይዘው። አሠራራችን ነው።»

«እመቤቲቱ የምትለውስ?»

«እሱን እሷ ትለዋለቻ።»

«ማን ነው የሚጫወታት?»

ጥያቄ ሳይገባው እጁን ያወጣ ተማሪ እንደሚታይ አዩኝ።

«ማንም» አሉ።

ከእኔ በፊት አንዲት የፎቶ ቤት ሠራተኛ ተጠራች። ሳቂታ ልጅ ናት፤ የልብስ አጣቢዋን ሚና ነው የምትሞክረው። ወንበሩ ፊት ቆመች። ሁሉም ዝም አለ። ሁለት ሰከንድ... ሦስት...

«ታጥቧል እመቤቴ!» አለች ጮክ ብላ።

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሚጡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አቋረጥሻት» አሉ ጋሽ ጸጥታ።

«ማንን? ወንበሩን?» ልጅቷ ዙሪያዋን እያየች ሳቀች። የሳቀላት የለም።

«ሂጂ ልጄ። ዕድለኛ ነሽ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ እየተነጫነጨች ወጣች። «እብዶች!» ስትል ሰማኋት። እውነት ለመናገር ያኔ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር።

ከዚያ ጎሚስታው ከበር መጣና ሦስቱ አንድ ትዕይንት ተለማመዱ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት መቁጠሪያውን ከፈትኩ። ልማዴ ነው። የሚያስፈራኝን ነገር እለካዋለሁ።

ጎሚስታው ለወንበሩ ጎንበስ ብሎ «እንግዶቹ ደርሰዋል እመቤቴ» አለ።

ዝምታ። አራት ሰከንድ። ከዚያ ሦስቱም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ «እሺ እመቤቴ።»

ፀጉር ሠሪዋ «ማዕዱ ቀርቧል እመቤቴ» አለች።

ዝምታ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ሦስቱም፣ እኩል።

ቀጥሎ ሰባት። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ ሃያ ሦስት።

በየጊዜው የዝምታው ርዝመት ይለያያል። እነሱ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። እርስ በርስ አይተያዩም። ጋሽ ጸጥታ ምልክት ይሰጧቸዋል ብዬ ጠረጠርኩ፤ እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ቅንድባቸውን ሰለልኩ። ስልካቸው ጮኸና ሊያነጋግሩ ወደ ውጭ ወጡ።

ልምምዱ አልተዛነፈም። ዘጠኝ ሰከንድ። ሦስቱም እኩል።

ዕረፍት ሲሆን ጋሽ ጸጥታም ተመለሱ፤ እኔ ወንበሩን እንደሚያደንቅ ሰው ሆኜ ቀረብኩት። ሥሩን ዳሰስኩ። ጀርባውን ዳሰስኩ። ሽቦ የለም። ምንም የለም።

ከዚያ የማውቀውን አደረግኩ። አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

ይህን ላስረዳችሁ። ባዶ አዳራሽ ጭብጨባን ይመልሳል። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ መስታወት... ይጮኻል። ሰው የሞላበት አዳራሽ ግን አይመልስም። ልብስና ሥጋ ድምፅ ይውጣል። ጆሮዬ ይህን ለመለየት ብዙ ዓመት ተምሯል።

በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን።

ጭብጨባዬ አልተመለሰም። እጄ ላይ ሞተ።

እንደገና አጨበጨብኩ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር።

ጋሽ ጸጥታን ወደ ጥግ ሳብኳቸው። 

«እህቴን ይዤ ልሄድ ነው።»

«አትሄድልሽም።»

«ሞክሪ ይበሉኝ።»

«ሞክሪ።»

ሄጄ የሚጡን እጅ ያዝኩ። ሳብኳት። አልታገለችኝም፤ ግን አልተነቃነቀችም። ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ ልጅ ናት። ግንብ እንደመሳብ ነበር።

«ይቅርታ» አለችኝ በትሕትና። «እመቤቴ እያናገረችኝ ነው።»

ወደ ጋሽ ጸጥታ ተመለስኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ይጠርጉ ነበር። ሲያወልቁት ፊታቸው ያረጀ፣ የደከመ፣ የሚያሳዝን ፊት ነው።

«ሚና አይለቀቅም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይወሰዳል እንጂ። ሌላ ሰው ቆሞ በደንብ ከተወጣው፣ የፊተኛዋ ትሄዳለች። እኔስ ብሆን በፈቃዴ እዚህ የቆምኩ መሰለሽ?»

«ስለዚህ እኔ በሚጡ ቦታ ቆሜ ካለፍኩ ሚጡ ትወጣለች?»

«ካለፍሽ። የያዝሽው የደንገጡሯ ወረቀት ነው።»

«ፈተናው ምንድን ነው?»

«ማዳመጥ» አሉ። «ሌላ ምንም አይደለም።»

አላመንኳቸውም። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ወደ መድረኩ ልወጣ ስል ነው አንድ ነገር ያየሁት። ልብስ ሰፊዋ። ሌሎቹ ሲለማመዱ እሳቸው ይሰፋሉ፤ እያንዳንዱ ዝምታ ሲጀምር ግን መርፌያቸው አየር ላይ ይቆማል። ዝምታው ሲያልቅ ልብሱ ውስጥ ይገባል።

አገኘኋችሁ! አልኩ በሆዴ።

አልሰማም፤ ግን አያለሁ። በመርፌው እገባለሁ፣ በመርፌው እወጣለሁ፣ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ።

ወንበሩ ፊት ቆምኩ። ሚጡ ጎኔ ናት። የአዳራሹ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«ጀምሪ» አሉ ጋሽ ጸጥታ።

«አቤት እመቤቴ» አልኩ። የመጀመሪያው መስመር።

መርፌው ቆመ... አምስት ሰከንድ... ገባ።

«ተዘጋጅቷል እመቤቴ።»

ልክ ነበርኩ። ፀጉር ሠሪዋ ቅንድቧን አነሣች። ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ፤ «ጎበዝ» እንደማለት።

መርፌው ቆመ... አሥራ አራት ሰከንድ... ገባ።

«አላየሁም እመቤቴ።»

ሦስት አለፈ። ሁለት ቀረኝ። ወደ ልብስ ሰፊዋ አየሁ።

እሳቸውም እያዩኝ ነበር።

ፈገግ አሉ። መርፌያቸውን ከፊቴ እያሳዩ፣ ቀስ ብለው፣ ጨርቁ ላይ ሰኩት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

ምልክት አልቀረኝም።

ዝምታ።

መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት... ሰባት...  አሁን ልበል? አሁን? ካቋረጥኳት ሚጡ ቀረች። ከዘገየሁም ሚጡ ቀረች። አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት...

ድምፅ አልሰማሁም። ይህን እምላለሁ። ምንም ድምፅ አልነበረም።

ግን በጎረቤት ክፍል ሰው ሲያወራ ቆይቶ ዝም ሲል ታውቁታላችሁ? ወሬውን ሳትሰሙት ማለቁ ብቻ ይሰማችኋል አይደል?

እንደዚያ ሆነ። የሆነ ነገር አለቀ። ተጠየቅኩ። አፌም እኔን ሳይጠብቅ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ እመቤቴ።»

ጥያቄውን አልሰማሁትም። መልሱ ግን ትክክል ነበር። ከፊታቸው አወቅኩት። ሁሉም ወንበሩን ትተው እኔን እያዩ ነበር።

አንድ መስመር ቀረ። ወረቀቴን አየሁ። አንዲት ቃል ናት።

«እሺ።»

ሚጡ ቢላዋን አየር ላይ አቁማ የምትላት ቃል።

ዝምታው መጣ። ረጅም ነበር። መቁጠር አልቻልኩም። በመጨረሻ አለቀ፤ አሁንም ማለቁን አወቅኩት።

ቃሉን ብቻ ማለት ነበረብኝ። ግን ሳይታወቀኝ...

«እህቴን ይልቀቁልኝና... እሺ» አልኩ።

ፀጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጎሚስታው «ኧረ በፈጠረሽ» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ሁሉም፣ ልብስ ሰፊዋም ጭምር፣ እኩል አንገታቸውን ደፉ።

ጎኔ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«እታለም?» አለች ሚጡ። ዓይኗን እያሸች። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ይኼን አስቀያሚ ቀሚስ ማን አለበሰሽ?»

አቀፍኳት። አጥንቷ እስኪንቋቋ አቀፍኳት። በዚያ ደቂቃ ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ ነበር ያልኩት።

«አልፈሻል» አሉ ጋሽ ጸጥታ ከጀርባዬ። «ቅዳሜ በአሥር ሰዓት። ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ።»

ቀሚሱን በልብሴ ላይ ነበር የደረብኩት፤ አውልቄ ወለሉ ላይ ጣልኩት። «ቅዳሜ እኔ አልመጣም።»

«እሺ ብለሻል።»

«ቲያትር ነው እኮ ጋሼ! እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ወንበር ነው። እንጨት ነው!»

«ደንገጡር ከእመቤቷ አትለይም» አሉ። እየለመኑኝ ይመስሉ ነበር።

ሚጡን እየሳብኩ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለውጧል። ንዴት ደግሞ ምላስ ይፈታል። ወደ ባዶው ወንበር ዞርኩና፣ ማንኛችንም ተናድደን ስንት ጊዜ ያልነውን ነገር አልኩ።

«ከፈለገችኝ ቤቴ ትምጣ!»



ጎሚስታው ቆቡን አወለቀ።

«ምን አልሻት?» አለ በሹክሹክታ።

«ተናድጄ ነው።»

«እሷ መናደድሽን በምን ታውቃለች? የምታውቀው ጥሪ ነው።»

ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል። ሁሉም ዘና አሉ። በቃ፣ ዘና አሉ። ፀጉር ሠሪዋ አዛጋችና ስልኳን አወጣች። «አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሎልኛል!» አለች ደንግጣ። ልብስ ሰፊዋ ክሮቻቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ጸጥታ ወንበሩን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ከሌሎቹ ወንበሮች ጋር ግድግዳው ሥር ደረደሩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የደስታ ይመስል ነበር።

ሚጡን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

ጭብጨባዬ ጮኾ ተመለሰ። አዳራሹ ባዶ ነበር።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው የውሃ መውረጃ ቦይ። ሚጡ ክንዴን ይዛ ታወራለች። ራበኝ ትላለች። መድኃኒት ቤት ነገ ይመልሱኝ ይሆን ትላለች። አንድም ጊዜ መሃል ላይ አልቆመችም። ልቤ እየተመለሰ ነበር።

ፍራሽ በራሱ ላይ የተሸከመ ሰው ከፊት ለፊታችን መጣ። አየንና ግንቡ ላይ ተለጠፈልን።

«እለፉ፣ እለፉ እናቴ» አለ።

አመስግነን አለፍን።

ትንሽ ሄጄ ዞር አልኩ። ሰውየው አሁንም ከግንቡ አልተላቀቀም። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ይጠብቃል። እኛ አልፈናል። መንገዱ ላይ ሌላ ማንም የለም።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

አሥራ አምስት ስደርስ ነው ተላቅቆ መንገዱን የቀጠለው።

«ምን ታያለሽ?» አለች ሚጡ።

«ምንም። ቶሎ በይ።»

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ፀሐይዋ ገና ግቢው ውስጥ ነበረች። እማዬ በሩን ከፈተች። የሚጡን ፊት አንድ ጊዜ ብቻ አየችና አወቀች። እናት አይደለች? አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«መጣሽልኝ? መጣሽልኝ ልጄ?» እያለቀሰች ሳቀች። «ሰሃኖቹ እንኳ ናፍቀውሻል!»

ሚጡም ሳቀች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሳቋን ሰማሁ።

እኔ የግቢውን በር ለመዝጋት ዞርኩ።

«አትዝጊው» አለች እማዬ።

ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው፣ የታሸ፣ ዝግ ያለ ድምፅ።

«ለምን እማዬ?»

 እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሻርፗን አስተካከለች። ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ደረጃ እንኳ የምትወጣው እኛን ተደግፋ ነው። አሁን ግን ማንንም ሳትይዝ፣ በፍጥነት፣ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«እማዬ!» አለች ሚጡ። «ምን ሆንሽ? ተነሽ እንጂ!»

የእማዬ ጣቶች አየር ላይ መሥራት ጀመሩ። የጫማ ማሰሪያ ሲፈታ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጫፉን ያዘች፣ ሳበች፣ አላላች። በሁለት እጇ ተረከዙን ደግፋ አወለቀች። ከዚያ ያን የማይታይ ነገር ከእኛ ጫማዎች አጠገብ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ወደ ሁለተኛው ዞረች። ጫፉን ያዘች፣ ሳበች፣ አላላች። አወለቀች። ከመጀመሪያው ጎን አስተካክላ አኖረችው።

በቃ፣ አለቀ አልኩ። ትንፋሼን ለቀቅኩ።

እማዬ ግን አልተነሣችም።

ቀጥሎ የቆመ ሌላ እንግዳ ያለ ይመስል፣ በጉልበቷ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። አንገቷን እንደደፋች እጇን ዘረጋች...

ሦስተኛውን ጫማ መፍታት ጀመረች።